ሊቅነትና ሎሌነት

ከደብረ ብርሃን ተነሥቶ ወደ ወሎ የሚወርድ መንገደኛ በጣርማ በር የተፈለፈለውን ዋሻ አልፎ፣ ደብረ ሲናንም ተሰናብቶ ቍልቍለቱን በፈጸመ ጊዜ፣ ደጋው በስተኋላው ይቀርና ቈላው ይቀበለዋል። የገብሱ ማሳ በማሽላ፣ ካባው በነጠላ ይለወጣል። ይህ አገር ይፋት ነው። በመካከሉም በሮቢ ወንዝ አጠገብ ሸዋ ሮቢት ተቀምጣለች። በገበያዋ ቀን አማራው ከደጋ፣ አፋሩ ከበረሓ፣ አርጎባው ከተራራው ወገብ፣ ኦሮሞውም ከየመንደሩ መጥተው ይገናኙባታል። ስለ ማሽላና ስለ ሽንኩርት ዋጋ የሚከራከረው ሰው፣ በዙሪያው ያለው ምድር ከሰባት መቶ ዓመት በፊት የአንድ ብርቱ መንግሥት አገር እንደ ነበረ ምናልባት አያስብም። ይሁን እንጂ በአስበሪና በኖራ በቍጥቋጦ መካከል ቆመው የቀሩት የመስጊድና የቤት ፍርስራሾች ዛሬም ምስክር ናቸው።

እንግዲህ አንድ የሸዋ ሮቢት ተማሪ የአገሩን ጥንት ለማወቅ ቢነሣ ወዴት ይሄዳል? ስለ ዐፄ ዐምደ ጽዮን ጦርነት የተጻፈው የግዕዝ ዜና መዋዕል ይፋትን የሚያሳየው በጦርነት ዘመን ብቻ ነው። የግብፁ ጸሐፊ አል ዑመሪም ስለ ይፋት ጥቂት ነገር ትቷል። ከዚህ የቀደመውን ዘመን የሚገልጸው ግን በዐረብኛ የተጻፈ አንድ አጭር የታሪክ ማስታወሻ ነው። በዚህ ማስታወሻ የመኽዙሚ ወገን የሆኑ ሱልጣኖች በሸዋ ምድር መንገሣቸው፣ እርስ በርሳቸው መዋጋታቸው፣ በመጨረሻም በ1285 የይፋቱ ጌታ ወላስማ መንግሥታቸውን እንዳጠፋው ተመዝግቧል። (በዚህ ጽሑፍ ዓመተ ምሕረት ካልተባለ በቀር ዓመቱ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር ነው።) ይህ ጽሑፍ በሐረር ተገኝቶ በ1941 በሮም ታትሞ ወጣ። አሳትሞ የተረጐመው ሰው ስሙ ኤንሪኮ ቼሩሊ ይባላል።

ነገሩ በዚህ ቢያበቃ ምስጋና ብቻ በበቃ ነበር። ነገር ግን ይህ ሰው የመጻሕፍት ሊቅ ብቻ አልነበረም፤ የወራሪው መንግሥት ሹምም ነበረ። በ1939 ሸዋን እንዲገዛ ተሹሟል። የሸዋንና የይፋትን ጥንታዊ ታሪክ ከተረሳበት ያወጣው እጅና ሸዋን በባዕድ ቀንበር የገዛው እጅ አንድ እጅ ነው። ስለዚህ ከዚህ ሰው ሕይወት አንድ ጥያቄ ይነሣል። ዕውቀት ለግፍ ባደረ ሰው እጅ በመጣ ጊዜ ምን ይደረጋል? ዕውቀቱ ሰውየውን ያነጻዋልን? ወይስ ሰውየው ዕውቀቱን ያረክሰዋል?

ለመፍረድ አስቀድሞ ነገሩን መስማት ይገባል። ቼሩሊ በ1898 በናፖሊ ተወለደ። በዚያው ከተማ ሕግን ተማረ፤ የምሥራቅንና የኢትዮጵያን ቋንቋዎችም አጠና። ገና ወጣት ሳለ በናፖሊ ካገኘው ከአንድ የኦሮሞ ተወላጅ አፍ ዘፈኑን፣ ተረቱንና የጀግኖቹን ዜና እየሰማ ጽፎ በ1922 በመጽሐፍ አወጣው። ከዚያም በቅኝ ግዛት አስተዳደር ሥራ ገብቶ በሶማሊያ አገለገለ፤ ቀጥሎም በአዲስ አበባ በኢጣልያ ሌጋሲዮን ሠራ። በሄደበት ሁሉ ጆሮው አልተኛም። የሶማሌውን ልማድና ሕግ፣ የሐረሪውን ቋንቋ፣ የከፋውንና የሲዳማውን ነገር ሁሉ ጻፈ። ብዙ ሹማምት በባዕድ አገር ተቀምጠው ደመወዛቸውን ብቻ ሲቈጥሩ፣ ይህ ሰው የሕዝቡን ቃል ይለቅም ነበር። ይህን መካድ እውነትን መካድ ነው።

በ1926 ስለ አዲሱ የኢትዮጵያ አሳብና ስለ አዲሱ የአማርኛ ድርሰት ለአውሮፓ አንባቢዎች ጻፈ። በዚያ ወራት በአዲስ አበባ ማተሚያ ቤቶች ተከፍተው፣ መጻሕፍት እየታተሙ፣ ጋዜጣ እየተነበበ፣ የተማሩ ኢትዮጵያውያን አገራቸው በምን መንገድ እንደምትለማ ይከራከሩ ነበር። ቼሩሊ ይህን አይቶአል፤ አንብቦታል፤ ለወገኖቹም አስታውቆአል። ስለዚህ ኢትዮጵያ የራሷ ፊደል፣ የራሷ ድርሰትና የራሷ አሳብ ያላት አገር መሆኗን እርሱ አላወቀም ሊባል አይችልም። ሌላው ኢጣልያዊ ባለማወቁ ቢያመካኝ፣ ለእርሱ ይህ ምክንያት የለውም።

ከዚያ ዐሥር ዓመት ሳይሞላ ወረራው መጣ። ስለ ሠለጠነ ሕዝብ የጻፈው ሰው በሮም በቅኝ ግዛት ሚኒስቴር የምሥራቅ አፍሪቃን ጉዳይ ከሚያዩት ዋና ሹማምት አንዱ ነበረ። በ1929 ዓ.ም. በየካቲት 12 ቀን አዲስ አበባ በደም ታጠበች፤ በግንቦትም የደብረ ሊባኖስ መነኰሳት ታረዱ። በዚያው ዓመት የተማሩት ወጣቶች እየተለቀሙ ተገደሉ፤ ከእነርሱም መካከል የሐኪም ወርቅነህ ልጆች ዮሴፍና ቢንያም፣ የብላቴን ጌታ ኅሩይ ልጅ ፍቃደ ሥላሴም ይገኛሉ። በአዲሱ የአማርኛ ድርሰት ዙሪያ ይሰበሰብ የነበረው ትውልድ እንዲህ ተቀጨ።

በእውነት ሲነገር፣ ይህ እልቂት የተፈጸመው በግራዚያኒ ዘመን ነው። የአዎስታው መስፍን ግራዚያኒን ከተካ በኋላ ቼሩሊ ምክትል ጠቅላይ ገዢ ሆነ፤ በ1939 ሸዋን፣ ቀጥሎም ሐረርን ገዛ። አዲሶቹ ሹማምት ከቀደሙት ይልቅ ለዘብ ያሉ ናቸው ተብሎ ተነገረላቸው። ነገር ግን በዚያው በ1939 በሚያዝያ ወር በሰሜን ሸዋ በዘረት ዋሻ፣ የራስ አበበ አረጋይ አርበኞች ወገን የሆኑ ብዙ መቶ ሰዎች፣ ሴቶችና ሕፃናት ሽማግሎችም ሳይቀሩ፣ በመርዝ ጋዝና በጥይት አለቁ። የጦሩ ትእዛዝ በጦር አዛዦች እጅ ነበረና ይህን ቼሩሊ አዘዘ ማለት አይገባም። ሆኖም የሸዋ ገዢነት ማዕርግ የክብር ልብስ ብቻ አይደለም። ግብሩን የሚቀበል ሹም ደሙንም ይጠየቅበታል። በዚያው ዘመን ነጩን ከጥቁሩ የሚለዩ የዘር ሕጎች በ1937ና በ1939 ታውጀው ነበር። ስለ ግዕዝ ድርሳናት ውበት የሚጽፈው ሊቅ፣ የድርሳናቱን ባለቤቶች በቆዳቸው ዝቅ በሚያደርግ ሕግ ሥር ወንበር ይዞ ተቀመጠ።

ከጦርነቱ በኋላ ኢትዮጵያ ለተባበሩት መንግሥታት የጦር ወንጀል ኮሚሲዮን የ10 ኢጣልያውያንን ስም በ1948 አቀረበች። ከባዶሊዮና ከግራዚያኒ ጋር የቼሩሊም ስም ተጽፎ ነበር። ከእነዚህ ከ10ሩ በዚህ ክስ ፍርድ ፊት የቆመ የለም። ቼሩሊ ግን በክብር ላይ ክብር ጨመረ። ኢትዮጵያውያን በኢየሩሳሌም ስለ ነበራቸው ይዞታና ኑሮ በ1943ና በ1947 ሁለት ቅጽ መጽሐፍ አወጣ። ስለ ተአምረ ማርያምም ጻፈ። በፋርስ የአገሩ አምባሳደር ሆነ። በ1959 በሮም የመጀመሪያው ዓለም አቀፍ የኢትዮጵያ ጥናት ጉባኤ ሲደረግ ዋናው አሰናጅ እርሱ ነበር። የታላቁ የሊንቼይ አካዳሚያ ፕሬዚዳንትም ሆነ። የሰበሰባቸው ከሦስት መቶ የሚበልጡ የኢትዮጵያ የብራና መጻሕፍት በስሙ ተመዝግበው በቫቲካን ቤተ መጻሕፍት ይኖራሉ። በ1988 በ90 ዓመቱ ሞተ።

ሕይወቱ ይህ ነው። ስለዚህ ሕይወት ሁለት ወገን ይከራከራል። አንደኛው ወገን እንዲህ ይላል፦ «የወራሪ ሎሌ የጻፈው ሁሉ የወረራ መሣሪያ ነው፤ ሕዝብን ያጠናው ሊገዛው ነውና መጽሐፉ ከእርሱ ጋር ይጣል።» ሁለተኛውም ወገን ይመልሳል፦ «ዕውቀት አገር የለውም፤ ሹመቱ አልፎአል፤ መጽሐፉ ግን ይኖራል፤ ያለፈውን ትቶ ሊቁን ማክበር ይገባል።» ሁለቱም ወገኖች ከእውነት ድርሻ አላቸው፤ ሁለቱም ግን የስሕተታቸው ሥር አንድ ነው። ሰውየውንና ሥራውን በአንድ ሚዛን ሰፍረው አንድ ፍርድ ብቻ ሊሰጡ ይሻሉ። የመጀመሪያው በሰውየው በደል ምክንያት እውነቱን ይጥላል፤ ሁለተኛው በእውነቱ ምክንያት በደሉን ይሰርዛል።

የቀደሙት መምህራን ግን ለዚህ ነገር ምሳሌ አላጡም። የቢዖር ልጅ በለዓም የሞዓብ ንጉሥ እስራኤልን እንዲረግምለት በዋጋ የጠራው ሰው ነበር። በአፉ የተነገረው ቃል ግን እውነት ሆነ። ከያዕቆብ ስለሚወጣው ኮከብ የተናገረውን ቤተ ክርስቲያን ተቀብላ ለልደት ምስጢር ትተረጕመዋለች። ቃሉን ስለ ተቀበለች ግን በለዓምን ከነቢያት ጋር አልቈጠረችውም፤ መታሰቢያም አላደረገችለትም። እርሱ በምድያም ነገሥታት መካከል በሰይፍ እንደ ወደቀ ተጽፎአል፤ ምክሩም በእስራኤል ላይ ያመጣው ጥፋት አልተሸፈነም። ቃሉ በአንድ ስፍራ፣ ግብሩ በሌላ ስፍራ ተጽፎአል፤ አንዱ ሌላውን አልፋቀውም። አባቶች በለዓምን የሚያነቡት እንዲህ ነው፤ ቼሩሊንም እንዲህ ማንበብ ይገባል።

በዚህ ላይ አንድ ተከራካሪ ተነሥቶ፣ «ደግ ሹም ከክፉ መንግሥት ጋር ቢሠራ ክፋቱን ያለዝባልና፣ ዐዋቂው ወንበሩን ቢለቅ ደንቈሮ ይይዘው አልነበረምን?» ሊል ይችላል። ይህ ክርክር ቀላል አይደለም። ጨካኝ ጌታን ያገለገለ ሁሉ አንድ አይደለም፤ ዮሴፍም በፈርዖን ቤት ተሾሞ ሕዝብን ከረኃብ አድኖአል። ነገር ግን ዮሴፍ ያገለገለው የወንድሞቹን አገር ሊወስድ በተነሣ ሠራዊት ውስጥ አይደለም። ወረራ ራሱ በደል ነውና፣ በውስጡ ያለው ለስላሳ ሹም በደሉን አያስቀርም፤ እንዲሰነብት ያደርገዋል እንጂ። ሰይፍ የገዛውን አገር ዕድሜ የሚሰጠው ብልህ አስተዳዳሪ ነው። የሕዝቡን ቋንቋ የሚያውቅ ገዢ ከማያውቀው ይልቅ ቀንበሩን በአንገት ልክ አስተካክሎ ይጠርበዋል። ልዝብነቱ ለሕዝቡ ሲባል ነው ወይስ ለቀንበሩ ሲባል? ይህን የሚለየው፣ ግፉ በፊቱ በተፈጸመ ጊዜ ዐዋቂው የተናገረው ቃልና ወንበሩን የለቀቀበት ቀን ነው። ቼሩሊ የናፖሊ ተማሪ በነበረ ጊዜ የጀመረውን ሕዝብን የማድመጥ ሥራ በሹመቱም ዘመን አልተወም፤ ሹመቱንም ግን ስለዚያ ሕዝብ ብሎ አልተወም።

ከእርሱ ጋር የሚነጻጸር ሌላ የመንግሥት አገልጋይና ሊቅ ሰሜን ሸዋ ራስዋ አላት። ብላቴን ጌታ ኅሩይ ወልደ ሥላሴ በመርሐቤቴ ተወልደው፣ በቤተ ክርስቲያን ትምህርት አድገው፣ በመንግሥት ሥራ እስከ ውጭ ጉዳይ ሚኒስትርነት ደርሰዋል። እርሳቸውም እንደ ቼሩሊ ቀን በጽሕፈት ቤት፣ ሌሊት በመጽሐፍ ላይ የሚውሉ ሰው ነበሩ። ወረራው በመጣ ጊዜ ከንጉሠ ነገሥቱ ጋር ተሰድደው በ1938 በእንግሊዝ አገር በባዝ ከተማ ዐረፉ። ልጃቸው በአገሩ ተገድሎ፣ እርሳቸው በሰው አገር፣ መጻሕፍታቸውም ከእጃቸው ርቀው ነበሩ። ሁለቱም መንግሥታቸውን አገለገሉ፤ ሁለቱም ስለ ኢትዮጵያ ጻፉ። የአንዱ ዕውቀት ሹመትን ጨመረለት፤ የሌላው ዕውቀት ስደትን አካፈለው። ኅሩይ ስለ ሕዝባቸው የጻፉትን በሕዝባቸው መከራ አተሙት። ይህ ማለት የኅሩይ መጽሐፍ ስሕተት የለውም፣ የቼሩሊ መጽሐፍ እውነት የለውም ማለት አይደለም። የጽሑፉን ትክክለኛነት መርማሪ ይፈርደዋል። የሰውየውን ትክክለኛነት ግን የሚፈርደው ሌላ ነገር ነው፤ እርሱም ባወቀው ነገር ላይ ያለበትን ዕዳ መክፈሉና አለመክፈሉ ነው።

ዕውቀት ዕዳ አለውን? አለው። ሰው ድንጋይን ወይም ኮከብን ቢያጠና ድንጋዩ ምንም አይጠይቀውም። ሕዝብን ያጠና ግን ከሕዝቡ አፍ ወስዶአል። ሽማግሌው ትዝታውን፣ ሴቲቱ ዘፈንዋን፣ መነኵሴው ብራናውን አሳይተውታል። እነዚህ ሁሉ ለእንግዳ እንደሚደረግ በእምነት ሰጡት። በሰው ገበታ የበላ ሰው በባለቤቱ ላይ ዘንግ አያነሣም፤ ቢያነሣ ግን ካልበላው ይልቅ በደሉ ይከብዳል። ስለዚህ የቼሩሊ ሊቅነት ፍርዱን አያቀልለትም፤ ያከብድበታል እንጂ። ያላወቀ ወታደር ባዕድ የመሰለውን ወግቶአል፤ ያወቀ ሊቅ ግን ያስተናገደውን በሚወጋ መንግሥት ውስጥ ተሾሞአል።

እንግዲህ የሸዋ ሮቢቱ ተማሪ ምን ያድርግ? መጽሐፉን ይክፈት፤ ያንብብ፤ ይማር። ዕውቀቱ የቼሩሊ ርስት አይደለምና አይፈር። ያን የታሪክ ማስታወሻ አስቀድመው የጻፉት ሮማውያን አይደሉም፤ በሸዋ ምድር የነበሩትን ሱልጣኖች ዘመን ቈጥረው፣ ሹመታቸውንና ሞታቸውን በዐረብኛ ያሰፈሩ የዚሁ አገር ጸሐፊዎች ናቸው። ስማቸውን ማንም አያውቀውም፤ አካዳሚያም አልሾማቸውም። ጽሑፉን ከእጅ ወደ እጅ ያሳለፉትም የምስጋናው የመጀመሪያ ባለ ድርሻዎች እነርሱ ናቸው። ቼሩሊ ተርጓሚና አሳታሚ ነው፤ ለዚያ ሥራው የሠራተኛ ዋጋ፣ ማለት ስሙን በትክክል መጥራት፣ ይከፈለው። ከዚያ በላይ ግን መጽሐፉ የሥርየት ደብዳቤ አይሁንለት።

ያ ማስታወሻ ራሱም ለአንባቢው አንድ ትምህርት አለው። የሸዋን ሱልጣኖች ያጠፋቸው ሃይማኖታቸውን የሚጋራው የይፋቱ ወላስማ ነበር። ግፍ ከባሕር ማዶ ብቻ አይመጣም፤ የጎረቤት እጅም፣ የወንድም እጅም ይፈጽመዋል። ስለዚህ ይፋትን የሚያጠና ሰው የባዕዱን በደል ብቻ ጽፎ የዘመዱን የሚሸፍን ከሆነ፣ እርሱም በተራው ለሎሌነት አድሮአል፤ ጌታው ቢለወጥ ነው እንጂ።

በጣርማ በር ያለውን ዋሻ የፈለፈለው ያ የወረራ መንግሥት ነው፤ ስሙንም በሙሶሊኒ ጠርቶት ነበር። መንገዱ የተሠራው ወታደር እንዲያልፍበት ነው። ዛሬ ሽንኩርት የጫነው መኪና፣ ለትምህርት የሚወጣው ልጅ፣ ለንግሥ የሚሄደው ካህን ሁሉ ያልፉበታል። በዋሻው ያለፈ ሁሉ ለወራሪው ምስጋና አላቀረበም፤ ወራሪውን የጠላ ሁሉም በገደሉ ልውረድ አላለም። ሕዝቡ ይህን ያለ መምህር ዐውቆታል። ዋሻውና መጽሐፉ ግን በአንድ ነገር ይለያያሉ። ዋሻው ሕሊና የለውም፤ ዲናሚቱን ባፈነዳው ሰው በደል አይጠየቅም። መጽሐፍን የጻፈ ሰው ግን ሕሊና ነበረው፤ አንባቢውም አለው። ስለዚህ በዋሻው የሚያልፍ ዝም ብሎ ይለፍ፤ በመጽሐፉ የሚያልፍ ግን ሁለት ነገር ይዞ ይለፍ፤ በአንድ እጁ የተማረውን እውነት፣ በሌላው እጁ የዘረትን ዋሻ።

ከዚያም ተማሪው ራሱ ዐረብኛውንና ግዕዙን ተምሮ፣ ወደ አስበሪና ወደ ኖራ ፍርስራሽ ወርዶ፣ የአርጎባውን ሽማግሌ ጠይቆ፣ የጐደለውን ይጨምር። ሽማግሌው ቡና አፍልቶ፣ ያባቱን ነገር ሲነግረው፣ ያ ቡና ዕዳ መሆኑን አይርሳ። ይፋት ስለ ራስዋ የሚጽፍላትን ልጅ ባገኘች ጊዜ፣ የምትጠይቀው ምን ያህል እንዳወቀ ብቻ አይደለም፤ ባወቀ ጊዜ ለማን እንደ ቆመም ትጠይቀዋለች።